የጋሽ ስሙት ጠብታ

ጋሽ ስሙትን ያገኘኋቸው ከቤቴ ጀርባ ባለው የቧንቧ ዕቃ መሸጫ ነው። ክንዳቸውን ባንኮኒው ላይ አስደግፈው አዲስ ሴፍቲ ቫልቭ በመዳፋቸው ያገላብጣሉ፤ ቦይለር ግርጌ የሚገጠመውን፣ ግፊት ሲበዛ ውሃ የሚያስተነፍሰውን ትንሽ ናስ ማለቴ ነው።

ባለሱቁ፣ «ጋሼ፣ ዛሬም ዳብሰው ሊመልሱት ነው? እንደ አዲስ ሙሽራ ተፋጠጣችሁ እኮ!» አላቸው።

«ዝም በል አንተ! ክብደቱን እያየሁ ነው» አሉና መልሰው አስቀመጡት።

ተራው የእኔ ሆነ። የቤታችን ቦይለር ሰሞኑን ከግርጌው ጠብ ጠብ እያለ አላስቀምጥ ብሎናል። ባለቤቴ ባልዲ ስትደቅን፣ እኔ ባልዲውን በእግሬ ስደፋ፣ ትዳራችንም አብሮ ሊያንጠባጥብ ምንም አልቀረው። ኮራ ብዬ፣ «የሴፍቲ ቫልቭ አፍ የሚዘጋ መድፈኛ ስጠኝ» አልኩ።

ሽማግሌው ዘወር አሉ። «ምን ልታደርግበት ልጄ?»

«ጠብታው እንዲቆም ልደፍነው ነዋ።»

«ቦንብ ልሠራ ነው በለኛ! መተንፈሻውን ደፍነህ ልታፈላው?» አፋቸው ቢቀልድም ፊታቸው ደንግጧል። «ቤትህ ሩቅ ነው?»

ሙያቸው ቧንቧ ሥራ ነው። ሰፈሩ ለምን ጋሽ ስሙት እንደሚላቸው የገባኝ መታጠቢያ ቤታችን ከገቡ በኋላ ነው። መፍቻ ያወጣሉ ብዬ ስጠብቅ የባልዲውን ውሃ ደፍተው ባዶውን መልሰው ደቀኑና ጣታቸውን ቀስረው፣ «ስሙት!» አሉ። ባለቤቴም መጥታ በሩ ላይ ቆመች። ሦስት አዋቂ ሰዎች እስትንፋሳችንን ይዘን ጠብታ ስናዳምጥ ያየን ሰው ጸሎት ላይ ናቸው ይል ነበር።

«የምታንጠባጥበው ስትሞቅ ብቻ ነው ወይስ ቀዝቅዛም?»

«ቀዝቅዛም አትተውም» አለች ባለቤቴ።

«ስትሞቅ ብቻ ቢሆን ግድ የለም፤ ውሃ ሲሞቅ ይነፋል፣ ትርፉን ትተፋለች። ቀዝቅዛም ካለች ግን ወይ የመስመሩ ግፊት በዝቷል፣ ወይ ጉሮሮዋ ላይ የተሰነቀረ ነገር አለ።»

የእጅ መታጠቢያውን ቧንቧ ከፍተው የውሃውን ጉልበት አዩ፤ እንደ ወትሮው ነው። ማሞቂያውን ከማብሪያው አስጠፉኝና የቫልቩን ትንሽ እጀታ ብድግ አደረጉት። ውሃው ባልዲው ውስጥ ተንደቀደቀ፤ አብሮትም የእንቁላል ቅርፊት የመሰለ ነጭ ስብርባሪ ወረደ። እጀታውን ለቀቁት። ጠብ!

ባለቤቴ እኔን አየችኝ።

«አይዞሽ ልጄ፣ ጉሮሮዋን ጠርጋ አልጨረሰችም» አሉና ደግመው አነሱት፤ ደግመው ለቀቁት። ጠበቅን። ምንም የለም።

«የእናንተ ገና ወጣት ናት። ያበቃላት የእኔ ናት።»

«ታዲያ ሱቅ ድረስ ሄደው ለምን አይገዙም?» አልኳቸው።

ገንዳው ጠርዝ ላይ ተቀመጡ።

«ማንጠባጠብ የጀመረችው ልጄ ትንሽ ሳለች ነው። እኔ ቀኑን ሙሉ የሰው ቤት ስጠግን ውዬ ቤቴ ስገባ መፍቻ ማየት ያስጠላኛል። እሷ፣ የልጄ እናት፣ 'ሰፈሩን አድርቀህ እኔን በጎርፍ ልታስወስደኝ ነው?' እያለች ትጎነትለኛለች። ሲሰለቻት ከቫልቩ አፍ ቀጭን ጎማ በመስኮት አውጥታ ውጪ ያለችው የጽጌረዳ ማሰሮ ላይ አወረደችው። ጽጌረዳዋ ጉድ አሰኘች! በኋላ አፍሬ መፍቻዬን ይዤ ብመጣ፣ በሩን በሁለት እጇ ይዛ፣ 'ንካትና እንተያያለን! አበባዬን በጥም ልትገድልብኝ?' ብላ መለሰችኝ።»

ሳቁ፤ እኛም ሳቅን። ሳቃቸው ግን ቀድሞ አለቀ።

«ካረፈች ወዲህ ደግሞ እጄ እምቢ አለኝ። ጋደም ስል ጠብ፣ ጠብ ስትል ጓዳ ሆና ሰሃን የምታለቃልቅ ይመስለኛል። አሁን ልጄ አብረን እንኑር ብላ ልትወስደኝ ነው፤ ቤቱ ተከራይቷል። 'አባዬ፣ ያቺን ነገር ቀይራት' ትለኛለች። ሱቅ እሄዳለሁ፣ አያለሁ፣ እመለሳለሁ። እንዲሁ ትቻት ልሄድ፣ እዚያው እንዳለች ታንጠባጥብ ብዬ ቆርጬ ነበር።» ቀና ብለው አዩኝ። «ዛሬ አንተ መጥተህ መድፈኛ ስጠኝ አልክ። የእኔ ተከራዮችም ጠብታው ሲሰለቻቸው ያንኑ ቢያደርጉስ? ሕፃን አላቸው።»

ባለቤቴ ፎጣ አቀበለቻቸው። እጃቸውን ቀስ ብለው አደረቁ፤ ከእጃቸው በላይ የሚያደርቁት ነገር ያለ ይመስል ነበር።

ሱቁ ድረስ ሸኘኋቸው። ቅድም ያስቀመጡትን ቫልቭ አንስተው ለባለሱቁ ሰጡት። ባለሱቁ ሊቀልድ አፉን ከፈተና ፊታቸውን ሲያይ ተወው፤ ጠቅልሎ ሰጣቸው።

በሩ ላይ ስንጨባበጥ፣ «ጽጌረዳዋስ?» አልኳቸው።

«ከነማሰሮዋ ይዣት ነው የምሄደው» አሉ ጥቅሉን ኪሳቸው እየከተቱ። «እስከ ዛሬ ጠብታዋ ታጠጣልኝ ነበር፤ ከእንግዲህ ራሴ ማስታወስ አለብኝ። ከረሳኋት ደግሞ እሷ፣ የልጄ እናት፣ የምትለኝን አውቀዋለሁ።»