ለወገብ የሚተው ጨርቅ

ኬንያ ሞያሌ፣ ሙዜ ገልገሎ ልብስ ስፌት ቤት ሥራ የጀመርኩ ዕለት መጥረጊያ ተሰጠኝ። ጠርጌ ስጨርስ ሽማግሌው የተማሪ ቀሚስ ገልብጠው ጠርዙን አሳዩኝ።

«እዪ፣ እዚህ አራት ጣት አጥፈን እንተዋለን። ልጅ ወደ ላይ ነው የሚያድገው። በዓመቱ ፈትተን እናስረዝመዋለን፤ እናትየዋም ትመርቀናለች።»

«ለወገብስ?» አልኳቸው።

«ለወገብ? የተማሪ ቀሚስ ነው እኮ፤ የባለሥልጣን ሱሪ መሰለሽ?»

ቢስሚላህ ሳልል መቀስ አላነሳም። ሙዜ በዚህም አልማሩኝም። «ዘሀራ፣ ጨርቁን ልታርጂው ነው እንዴ?» ይሉ ነበር።

ዛሬ ስፌት መኪናው ላይ የምቀመጠው እኔ ነኝ። ሙዜ በር ላይ ካውያ እያሞቁ አላፊ አግዳሚውን ይነቅፋሉ። የማይቀለድበት ነገር ቢኖር ለወገብ ጨርቅ መተዋችን ነው። ድርቅ ላገኛቸው የገጠር ልጆች ዛሬም ወገቡን የምናጠብበት ጊዜ አለ። የከተማው ነጋዴ ልጆች ግን የትምህርት ተርሙ ሳይጋመስ ቁልፍ ተበጥሶ፣ ስፌት ተተርትሮ ይመለሳሉ።

አንዷ ሂክማ ነበረች፤ የከብት ነጋዴው የሐጂ ሙክታር ልጅ፣ የአሥር ዓመት ልጅ፣ የቡቲዬ ሰፈር ልጅ። እናቷ ሰዓዳ እጇን ይዛ ስትገባ ልጅቱ ከጀርባዋ ተደብቃለች። ኔትቦል ስትጫወት ቀሚሷ ጎኑ ላይ ተቀዶ፣ ልጆች ስቀውባት፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ ትምህርት ቤት አልሄድም ብላለች።

«አስፊልኝ እህቴ» አለችኝ ሰዓዳ። «ሁለተኛ እንዳይቀደድ አድርገሽ አስፊው።»

ልጅቱን ልብስ እንድትቀይር መጋረጃ ውስጥ አስገባኋትና ድምፄን ዝቅ አደረግኩ። «ለወገብ የተውኩትን ጨርቅ ባለፈው ጨርሼዋለሁ። ምንድን ነው የምትቀልቢያት?»

«ሰው የሚበላውን ነዋ! ጠዋት በዘይት የተጠበሰ ማንዳዚ፣ ሻይ በስኳር፤ ስትመለስ አንድ ጠርሙስ ሶዳ ከብስኩት ጋር። ልከልክላት? እኔ በሷ ዕድሜ በድርቁ አጥንቴ ይቆጠር ነበር። ልጄ ሞልታ ሳያት አልሐምዱሊላህ ነው የምለው።»

ድርቅ ባየች እናት ላይ አልቀልድም። የኔም እናት ከደሴ በደወለች ቁጥር መጀመሪያ የምትጠይቀኝ «ከሳሽ ወይ?» ብላ ነው።

«ትምህርት ቤትስ በምንድን ነው የምትሄደው?»

«በቦዳ ሞተር። ይህን ሁሉ የጭነት መኪና እያየሁ ብቻዋን ልልቀቃት? ከመጣች በኋላም ስልኳን ይዛ ቤት ነው የምትውለው።»

ይህን ስንነጋገር ሐጂ ሚስታቸውን ፍለጋ መጡ። ሰላምታ እንኳ ሳያደርሱ ለሙዜ አቤቱታ ጀመሩ።

«ከብት ነጂዎቹ ገደሉኝ! ወይፈኖቼን ከሶሎሎ በእግር አመጡብኝ። ያሰባሁት ሁሉ መንገድ ላይ ቀለጠ። ከብት ማለት ታስሮ ይቀለባል፣ በመኪና ይጫናል። በእግሩ የሚሄድ ከብት መቼ ሰብቶ ያውቃል?»

ሙዜ ካውያውን አስቀመጡ። ሰዓዳ ባሏን ትክ ብላ አየቻቸው። እኔ ክሩ መርፌው ውስጥ አልገባ ያለኝ መስዬ አቀረቀርኩ።

ሂክማ መጋረጃውን ገለጥ አደረገች። «አባ፣ እኔም ታዲያ በእግሬ ልሂድ?»

«ልጄ! አንቺ ከብት ነሽ እንዴ?»

«አይደለሁም። ኔትቦል መጫወት ግን እፈልጋለሁ። ትንሽ ስሮጥ ትንፋሼ ያልቃል።»

ሐጂ ወደ ሚስታቸው ዞሩ። ሙዜ ግን ቀደሟት። «ሐጂ፣ ብቻዋን አትለቀቅም። ጫማህን አዘጋጅ።»

ሰዓዳ በኛ ቃል ብቻ አልረካችም፤ በማግስቱ ልጅቱን ጤና ጣቢያ ወሰደቻት። ነርሷ፣ «እንዳታስርቧት፤ በማደግ ላይ ናት። ሶዳውንና ብስኩቱን ግን ከቤት አውጡ። ለእሷ ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ ለሁላችሁም ነው» አለቻት።

ለሁላችሁም የሚለው ሐጂን ክፉኛ ጎዳቸው። ጠዋት ጠዋት የልጃቸውን እጅ ይዘው፣ ላባቸውን እየጠረጉ በሱቃችን በር ያልፋሉ።

«ሐጂ፣ ዛሬስ ምን ያህል ቀለጠ?» ይላሉ ሙዜ።

«አትናገረኝ! ሻይ ያለ ስኳር ጠጥቼ ነው የወጣሁት።»

ሂክማ ትምህርት ቤት የተመለሰችው ከአዲስ ጨርቅ በሰፋሁላት ቀሚስ ነው። እንድትሮጥበት ሽንሽን አበዛሁላት። ሰዓዳ ማታ ማታ ስልኩን ተቀብላ ከጎረቤት ልጆች ጋር ደጅ ታስወጣታለች፤ እሷም በሩ ላይ ተቀምጣ ትጠብቃለች።

ልጅቱ ቀጭን አልሆነችም። ያ ቀሚስ ግን ዓመቱን ሙሉ ልኳ ሆኖ ከረመ። ከጎዶማ ትምህርት ቤት ልጆች ጋር በኔትቦል ሲጋጠሙ ሄጄ አየኋት፤ እስከ መጨረሻው ተጫወተች። ተሸነፉ። ዳኛዋን እየወቀሰች፣ እየሳቀች ወጣች።

ከሥራዬ የተማርኩት ይህን ነው። ቀሚስ የሚሰፋው ለአንድ ልጅ ነው፤ አበላልና አዋዋል የሚለወጠው ግን በቤተሰብ ነው። ልጁን ለብቻው አድርግ ካላችሁት አያደርገውም።