አሜን ከማለቴ በፊት

ልጄ ከመኪና መውጣትን የተለማመደው በእኔ ጸሎት ነው። በሰዓት መሆን ነበረበት፤ ግን በጸሎት ሆነ። እንዴት እንደሆነ ልጻፈው።

ልጄ የመኪና ውድድር ነጂ ነው። አባቱ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ የታክሲ ሹፌር ነበር። መሪ መውደድ ከእሱ የመጣ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት፣ ከእንጦጦ ማዶ ባለ ሜዳ ላይ ሲወዳደር፣ መኪናው ኩርባ ላይ ተገለበጠች። የታጠፈው ብረት እግሮቹን ያዘ። ከሞተሩ በኩል እሳት ተነሣ። አብሮት ያደገው ጓደኛው ሮጦ ደረሰና በሩን ገንጥሎ ጎትቶ አወጣው። እኔ ያን ሰዓት ቀጨኔ ቤቴ ቁጭ ብዬ ምስር እለቅም ነበር። ምንም አልታወቀኝም። እናት ይታወቃታል ይላሉ፤ እኔ ስልኩ እስኪጮህ ምስሬን ስለቅም ነበር።

ሐኪሙ ሁለቱም እግሮቹ ከጉልበት በላይ እንደሚቆረጡ ነገረኝ።

«ነፍሱስ?» አልኩት።

«ነፍሱ ትተርፋለች።»

«እግዚአብሔር ይመስገን» አልኩ።

ያልገባኝ መስሎት ደገመልኝ። ገብቶኝ ነበር።

ከዚያ በኋላ ልጄ ቤት ውሎ ቤት አደረ። ስወጣ የተውኩት ቦታ ስመለስ አገኘዋለሁ። ደስተኛ አልነበረም፤ እኔ ግን እንቅልፍ እተኛ ነበር። አንድ ቀን ምሳ ሳቀርብለት ቀና ብሎ አየኝና፣ «እማዬ፣ ልመለስ ነው» አለኝ።

«ወዴት?» አልኩ፤ ወዴት እንደሆነ እያወቅኩ።

«ወደ ውድድር።»

«በምንህ ልትነዳ?»

«በእጄ። ነዳጁንም ፍሬኑንም በእጅ እንዲሠራ አድርገነዋል። ማርሹ አውቶማቲክ ነው።»

«አድርገነዋል» ነው ያለው። ለካ ሥራው አልቋል።

«ልጄ፣ እንደገና ብትያዝስ?»

«ባለፈው ያስያዘኝ እግሬ ነው እማዬ። አሁን ምኔን ይይዘዋል?» ብሎ ሳቀ።

እኔ አልሳቅኩም። ወደ ግቢ ወጥቼ ልብስ ያልተሰጣበትን ገመድ ስጠርግ ቆየሁ።

የውድድሩ ኮሚቴ መጀመሪያ አይሆንም ብሎት ነበር። ሲመላለስባቸው አንድ ነገር ጠየቁት። ሄልሜቱን አድርጎ፣ ቀበቶውን ታስሮ ይቀመጥ። ከዚያ ማንም ሳይነካው በራሱ ወጥቶ መሬት ላይ ይገኝ። ለዚህ ግማሽ ደቂቃ ሰጡት። ከቻለ ይወዳደራል፤ ካልቻለ አይወዳደርም። እሳት ቢነሣ ጓደኛ ላይደርስ ይችላል፤ የእነሱም ሐሳብ ይህ ነበር። እኔም የማስበው እሱኑ ነው። ግማሽ ደቂቃ አጭር ነው ይላል ልጄ። የጓደኛውን እጅ ሳይ ግን አጭር አይመስለኝም። ከክንዱ እስከ ጣቱ በእሳት ተሸብሽቦ የቀረው ከዚያ ባነሰ ጊዜ ነው።

ጓደኛው ዊንጌት አካባቢ ጋራዥ አለው። እሁድ ሥራ ስለሌለ ግቢው ባዶ ነው። ከቅዳሴ እንደወጣሁ ነጠላዬን ሳልፈታ ልጄን ይዤ እሄዳለሁ። ከቤታችን እስከ አስፋልቱ ያለው ቁልቁለት ለተሽከርካሪ ወንበር አይሆንም። ወንበሩን ጎረቤቶች ይሸከሙለታል፤ እሱ በሁለት እጁ እየተደገፈ በመቀመጫው ይወርዳል። አንድ የታክሲ ረዳት ወንበሩን አይቶ፣ «ይሄማ የሁለት ሰው ቦታ ይይዛል» አለ። ልጄም፣ «እኔ እግሬን አላመጣሁብህም፤ ቦታ ተርፎሃል» አለው። ረዳቱ አፍሮ ወንበሩን ራሱ ጫነው።

የመጀመሪያው እሁድ ከመኪናው በር ሥር የስፖንጅ ፍራሽ አነጠፍኩለት። ከቤት በጀርባዬ ያመጣሁት ነው። ልጄ አየውና፣ «እማዬ፣ ሜዳው ላይ ፍራሽ አይነጠፍልኝም» አለኝ። አነሣሁት። በሰውነቱ ላይ ያለውን ቀበቶ ፈታ፣ ከላይ ያለውን ብረት ያዘ፣ ዞረ፣ ወደቀ። በትከሻው ነው የወደቀው። ዐይኔን ጨፈንኩ።

ጓደኛው ራሱን ያዘ። «ድመት ሁን ስልህ እንደ ድፎ ዳቦ ዘጭ ትላለህ?»

«አንተ እግር እያለህ መች ድመት ሆንክ?»

«እኔማ አልገለበጥኩም!»

እንዲህ ነው የሚነጋገሩት። እየተሰዳደቡ ይዋደዳሉ። ጓደኛው ያነሣዋል፣ ያስገባዋል፣ ያስረዋል። ሰዓት መያዝ የእኔ ሥራ ሆነ። ስልኩን ሰጡኝ፣ የሚጫነውን አሳዩኝ። ልጄ ሲታሰር ሳይ ግን ዐይኔ ከእሱ አይነሣም። አንዴ ሳልጫነው እረሳለሁ፣ አንዴ ሁለቴ ተጭኜ አጠፋዋለሁ። በቁጥር ሞከርኩ፤ ቁጥሩም ጠፋብኝ።

«በቃ» አለ ልጄ ከመኪናው ውስጥ። «አባታችን ሆይን በይልኝ። እሱ አይጠፋብሽም።»

«ጸሎት ለዚህ ይሆናል?»

«እማማ፣ የእኔ እናት እንቁላል የምትቀቅለው በአባታችን ሆይ ነው» አለ ጓደኛው። «አንድም ቀን ጥሬ በልተን አናውቅም።»

አሮጌ ጎማ ላይ አስቀመጠኝና ስልኩን ያዘ። ረጋ ብዬ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አልኩት። አሜን ስል ስልኩን አሳየን። ልክ ግማሽ ደቂቃ ነበር። ሁለቱም አጨበጨቡ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ደንቡ ይህ ሆነ፤ አሜን ከማለቴ በፊት ልጄ መሬት ላይ መገኘት አለበት።

ጎማ ላይ ሆኖ መጸለይ ቀላል ነበር። ልጄ ታስሮ ሲቀመጥ ግን ሌላ ነው። ሄልሜቱን ሲያደርግ ፊቱ ይጠፋብኛል። ከዚያ ያ ቀን ይመጣል፤ ያላየሁት ቀን። ጭስ የሌለበት ቦታ ጭስ ይሸተኛል። «አባታችን ሆይ» ብዬ እጀምራለሁ፤ «አሜን» እላለሁ። ልጄ ግማሽ አካሉ ገና ውስጥ ነው።

«ደረስኩ?»

«አልደረስክም።»

«እንደገና!»

እሁድ በእሁድ ላይ ተደረበ። አልደረሰም። መዳፉ ተላጠ፤ ማታ ቫዝሊን እቀባለታለሁ። ቤት ውስጥ በበሩ መቃን ላይ ተንጠልጥሎ ክንዱን ሲያጠነክር ይውላል። መጀመሪያ የትኛው እጅ፣ ቀጥሎ የትኛው ትከሻ እያለ ብቻውን ያወራል። አልደረስክም ባልኩት ቁጥር ልቤ ትንሽ ያርፋል። እሱ ያዝናል፣ እኔ አርፋለሁ። ፊቱን እያየሁ መዋሸት ግን አልቻልኩም። ሲደርስ ደርሰሃል እላለሁ ብዬ ለራሴ ቃል ገባሁ።

ወደ ንስሐ አባታችን ሄድኩ። የሄድኩት እንዲከለክሉልኝ ነው። ልጄ እሳቸውን ይፈራል። ሁሉንም ነገርኳቸው።

«እርስዎ አይሆንም ቢሉት ይተወዋል አባቴ።»

«አንቺስ ብለሽዋል?»

«አላልኩም።»

«ለምን?»

ቤት ተቀምጦ ግድግዳውን ሲያይ ስለነበረ ነው። አሁን እየተላጠም እየወደቀም ይበላል፣ ይሳደባል፣ ይስቃል። ይህን ልነግራቸው ፈልጌ እንባ ቀደመኝ።

«ነይ አብረን እንጸልይ» አሉኝ። ቆመን አባታችን ሆይን ጀመርን። እኔ አሜን ስል እሳቸው ገና ፈቃድህ ትሁን ላይ ነበሩ። እስከ መጨረሻው ብቻቸውን ጨረሱት። ከዚያ ፈገግ አሉ።

«ምን ያባርርሻል ልጄ?»

አፍሬ መስቀላቸውን ተሳልሜ ወጣሁ። ልጄን አልከለከሉልኝም። ያሉኝንም ከልምምዱ ጋር አላገናኘሁትም።

ከዚያ በኋላ ባለው እሁድ ልጄ መሬት ሲነካና እኔ አሜን ስል አንድ ሆነ።

«ደረስኩ?»

«ደርሰሃል» አልኩት።

ጓደኛው ተሸክሞት ግቢውን ዞረ። እኔ ጎማው ላይ ተቀመጥኩ።

የኮሚቴው ሰዎች ጋራዡ ድረስ መጡ። አንደኛው ፈርጠም ያለ ሽማግሌ ነው፤ ሰዓቱን በገመድ አንገቱ ላይ አንጠልጥሏል። ልጄ ታሰረ። ጓደኛው ከመኪናው እንዲርቅ አዘዙት፤ እጆቹን ከኋላው አጣምሮ ቆመ። እኔ በልቤ ጸለይኩ። ለመጀመሪያ ጊዜ ዐይኔን አልጨፈንኩም። ቀበቶው ተፈታ፣ ክንዱ ብረቱን ያዘ፣ ትከሻው ወጣ። መሬት ሲነካ እኔም አሜን ላይ ደረስኩ። ለጥቂት ነው ብዬ ሽማግሌውን አየሁ።

ሽማግሌው ሰዓቱን አየ። ለጓዶቹ አሳየ። እንደገና አየ።

«ግማሹን እኮ አልጨረስከውም» አለ።

«ምን?» አለ ልጄ።

«ከሰጠንህ ጊዜ ግማሹ ተርፏል። እግር ያላቸውም እንዲህ አይወጡልኝም።»

ልጄ መሬት ላይ እንደተቀመጠ ሄልሜቱን አወለቀና ወደ እኔ ዞረ። ጓደኛውም ዞረ። ጓደኛው ስልኩን አወጣ።

«እማማ፣ እስቲ እሱ ሲወጣ እንደሚሉት አሁን ይበሉት።»

«ተው እባክህ።»

«ልጅዎ እንዳይረግመኝ፣ ይበሉት።»

አልኩት። ስልኩን አይቶ መኪናው ላይ ተደፍቶ ሳቀ።

«እማዬ» አለ ልጄ፣ «የአንቺ ጸሎት እኮ ከእኔ መኪና ይፈጥናል! ይሄን ሁሉ ጊዜ ከማን ጋር ነው ስወዳደር የከረምኩት?»

ሁሉም ሳቁ፤ ሽማግሌውም ሳቀ። የንስሐ አባቴ ያሉኝ ያን ጊዜ ነው ትዝ ያለኝ። ያባረረኝ ፍርሃት ነበር። ልጄ ግን ያን ፍርሃት እያሳደደ ቀደመው። እንዳይሄድብኝ የፈራሁት ልጅ በፍርሃቴ ተለማምዶ ሊሄድ ነው።

በውድድሩ ቀን ሜዳው ድረስ ሄድኩ። ከዚያ በፊት ሄጄ አላውቅም። በጠርሙስ ጠበል ይዤ ነበር፤ መኪናዋን ከፊት ከኋላ ረጨኋት። ጓደኛው፣ «እማማ፣ መስታወቱን ብቻ ይተዉልን፣ መንገዱን ይይበት» አለኝ። ልጄን በመስኮቱ ግንባሩ ላይ ረጨሁት። ሄልሜቱን አላደረገም ነበር። «በርታ» አልኩት።

መኪኖቹ ሲነሡ መሬቱ ተንቀጠቀጠ። አቧራው ውስጥ የእሱን ነጭ ሄልሜት ብቻ እፈልጋለሁ። አንዴ አለፈ። ሁለተኛ አለፈ። አንድ መኪና ሲቀድም ሰዎች ስሙን ጠርተው ጮኹ። ደስ ሊለኝ ሲገባ የቀሩትን ኩርባዎች ቆጠርኩ።

ከዚያ ከሩቁ ኩርባ፣ የአሮጌ ጎማ ክምር ካለበት፣ ጭስ ተነሣ።

ሰው ሁሉ ቆመ። ከፊቴ ጀርባ ብቻ ሆነ። ጓደኛው የእሳት ማጥፊያ ይዞ ሜዳውን አቋርጦ ሲሮጥ አየሁት። ሩቅ ነው። በጣም ሩቅ ነው። አፈሩ ላይ ተንበረከክኩ።

«አባታችን ሆይ» አልኩ።

መፍጠን አልቻልኩም። አንዱን ቃል ብዬ ሌላው እስኪመጣ እጠብቃለሁ። በሰማያት የምትኖር። ስምህ። ይቀደስ። መንግሥትህ ትምጣ። ጭሱ ጠቆረ። ፈቃድህ አልኩና ቆምኩ። እዚያ ላይ ቆሜ አላውቅም ነበር። ልጄን እያሰብኩ ቆምኩ። ፈቃድህ ትሁን አልኩ። የዕለት እንጀራችንን—

«ወጣ!» አለ ከፊቴ የቆመ ሰው። «ወጥቷል፣ ወጥቷል!»

«ማን አወጣው?» አልኩ ከመሬት።

«ማንም! ራሱ ነው የወጣው!»

ሰዎች እጄን ይዘው አነሡኝ። ነጩ ሄልሜት ከመኪናዋ ርቆ ሣሩ ላይ ነበር። በሁለት እጁ እየተራመደ ይርቃል። ጓደኛው ገና እየሮጠ ነው። ሲደርስ እሳቱን ትቶ እሱ ላይ ወደቀበት።

የተቃጠለው ሞተሩ ብቻ ነው። የልጄ አንድ ጸጉር አልተነካም። በተሽከርካሪ ወንበሩ ሲያመጡት ፊቱ በጥቀርሻ ጠቁሮ ጥርሱ ብቻ ይታያል።

«እማዬ፣ የት ደርሰሽ ነበር?»

«እንጀራው ላይ።»

«ገና ሳይቀርብ ወጣሁ በያ!»

ያን ጊዜ እኔም ሳቅኩ፤ ከዚያ ሳቁ አልቆም አለኝ፣ ከዚያ ለቅሶ ሆነ። ልጄ በተላጠ እጁ ጉልበቴን ያዘኝ።

አልወዳደርም እንዲለኝ ጠብቄ ነበር። አላለም። ከጓደኛው ጋር ስለ ሞተር ሲከራከሩ ሰማሁ፤ ሌላ ያስገቡባታል። እፈራለሁ። ገና ብዙ እፈራለሁ፤ ሲሄድም ሲመጣም። ግን ራሱ ወጥቷል።

ወደ ቤት ስንመለስ ራሱን ትከሻዬ ላይ አድርጎ ታክሲው ውስጥ ተኛ። ዊንጌትን ስናልፍ ጸሎቱን ሜዳው ላይ እንዳቋረጥኩት አስታወስኩ። ስጠን ዛሬ ከሚለው ቀጠልኩ። ማንም አያባርረኝም ነበር። ቀጨኔ ስንደርስ፣ ልጄን ከመቀስቀሴ በፊት፣ አሜን አልኩ።