የጋሽ ከማል ጥራጊ

ባለፈው ሳምንት ለተማሪዎቼ ስለ ኮከብ አወላለድ ላስተምር ፕሮጀክተሩን ሳበራው፣ አምፖሉ ላይ ተኝቶ የከረመው አቧራ ተቃጥሎ ክፍሉ ሸተተ። ተማሪዎቹ አፍንጫቸውን ያዙ። እኔ ግን ደስ አለኝ። ግድግዳው ላይ ሮዝ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ የተቀላቀለበት ኔቡላ፣ ኮከብ የሚወለድበት የጋዝና የአቧራ ደመና፣ ተዘርግቷል፤ ሽታው ግን ፒያሳ ወሰደኝ፣ ጋሽ ከማል ወርቅ ቤት፣ ጥራጊ የሚቃጠልበት ቀን።

ጋሽ ከማል እሪ በከንቱ ሰፈር ጎረቤታችን ነበሩ፤ የወሎ ሰው፣ ወርቅ አንጥረኛ። እናቴ አትክልት ተራ ሽንኩርት ስለምትነግድ ከትምህርት ቤት ወጥቼ የምውለው እሳቸው ሱቅ ነው። ከባንኮኒው ጀርባ ባለችው ጠባብ መሥሪያ ክፍል፣ በመስኮቱ በሚገባው ፀሐይ ውስጥ አቧራው ሲዋኝ እያየሁ የቤት ሥራዬን እሠራለሁ። እሳቸው አቧራ አይሉትም። ሲሞርዱ የሚረግፈውን የወርቅ ብናኝ ለመያዝ ጭናቸው ላይ ቆዳ ያነጥፋሉ፣ ማታ ወለሉን ይጠርጋሉ፣ እጃቸውን የታጠቡበትን ውሃ እንኳ ያጠልሉታል እንጂ አይደፉትም። እኔንም በር ላይ ጫማዬን ያራግፉኛል።

«ነይ እስቲ፣ ሀብቴን ይዘሽብኝ እንዳትሄጂ!»

ይህ ሁሉ የሚጠራቀመው በአንድ አሮጌ የወተት ዱቄት ቆርቆሮ ነው። በእጃቸው የሚያልፈው ሌላው ወርቅ የደንበኛ ነበር፤ የራሳቸው የሚሉት ይህን የረገፈውን ብቻ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያ ልጃቸው ዘሀራ ልታገባ ስትል «ሎቲዋን ከእጄ ከረገፈው ነው የምሠራላት» አሉ። ሚስታቸው እትዬ ሶፊያ ወርቅ ገዝተው እንዲሠሩላት ቢለምኑ ቢያስለምኑ እምቢ አሉ። ግትር ነበሩ፤ እኔ ደግሞ ግትርነታቸውን እወደው ነበር።

ሠርጉ ሳምንት ሲቀረው ጥራጊውን ብረት ምጣድ ላይ አቃጠሉት። ፀጉሩ፣ ክሩ፣ ስንጥሩ አመድ ሆነ። አመዱን ወቀጡ፣ የሞረዱን ብናኝ በማግኔት ለቀሙ፣ አፈሩን አጠቡ። የቀረውን ማቅለጫው ውስጥ ቆሻሻውን ከሚለየው ነጭ ዱቄት፣ ከቦራክስ ጋር ጨምረው ወናፉን ሲነፉት ነበልባሉ አረንጓዴ ሆነ፣ ከዚያ ብርቱካንማ። በጥቁሩ መሃል ጥቃቅን ነጠብጣቦች ታዩ። ትንሹ ወደ ትልቁ እየተንከባለለ ገባ፣ በመጨረሻም አንዲት እንክብል ብቻዋን መሃል ላይ አበራች። ዛሬ የማስተምረውም ከዚህ ብዙ አይርቅም፦ ጋዝና አቧራ ይሳሳባል፣ ይጠጋጋል፣ ይግላል፣ መሃሉ ይበራል። ያኔ ግን ዝም ብዬ አጨበጨብኩ።

ጋሽ ከማል አላጨበጨቡም። እንክብሏን መዘኑ፣ ደግመው መዘኑ። የምትበቃው ለአንድ ጆሮ ብቻ ነበር። እጃቸውን አጣጥፈው በርጩማቸው ላይ ቁጭ አሉ። እጃቸው ሥራ ፈትቶ ሳየው የመጀመሪያዬ ስለነበር ፈራሁ።

በዚህ መሃል ከጎናችን ወርቅ ቤት ያላቸው ጋሽ ወልዴ ክብሪት ሊለምኑ ገቡ። ሁለቱ ደንበኛ ሲሻሙ የሚውሉ፣ ሰላምታቸው ስድብ የሆነ ሰዎች ናቸው። ጋሽ ወልዴ ሚዛኑን አዩ፣ ጋሽ ከማልን አዩ።

«አንተ ሰውዬ፣ ልጅቱን ባንድ ጆሮ ልትድራት ነው እንዴ?»

«ተወኝ ባክህ፣ ወልዴ።»

ጋሽ ወልዴ ወጥተው ሄዱ። ሲመለሱ የራሳቸውን የጥራጊ ቆርቆሮ ይዘዋል። ጋሽ ከማል እጃቸውን ሰበሰቡ።

«ላንተ መሰለህ? ለዘሀራ ነው!» ብለው ጋሽ ወልዴ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡትና በረንዳው ላይ ቆመው መጣራት ጀመሩ። የመንገዱ አንጥረኞች ተራ በተራ መጡ፤ አንዱ በብልቃጥ፣ አንዱ በጋዜጣ ጠቅልሎ፣ ጥራጊውን ይዞ። ሁሉንም ባንድ ላይ አቃጠሉት። የማን ቅንጣት የት እንደገባ የሚያውቅ አልነበረም። ሁለተኛዋ እንክብል ስትወጣ ጋሽ ከማል አለቀሱ፣ ጭሱ ነው ብለውም አላመካኙም።

ሁለቱን አቅልጠው እንዲቀላቅሏቸው ሲነገራቸው ግን እምቢ አሉ። «ይኼ የኔ፣ ይኼ የወንድሞቼ። ይለይ።» ስለዚህ ዘሀራ የተዳረችው በማይመሳሰል ሎቲ ነው፤ አንዱ ቢጫ፣ የጎረቤቶቹ ደግሞ መዳብ የበዛበት፣ ቀላ ያለ። የሠርጉ ሴቶች ሲንሾካሾኩ እሷ ፀጉሯን ከጆሮዋ ላይ ገለጥ አደረገችላቸው።

ጋሽ ከማል ካረፉ ቆይተዋል፤ የሱቃቸው ሕንፃም ፈርሷል። ባለፈው ረመዳን ዘሀራ አፍንጮ በር ቤቷ ለአፍጥር ጠርታኝ ነበር። ሎቲዎቹን ለሁለት ሴት ልጆቿ አንድ አንድ ሰጥታቸዋለች፤ በሐብል አንገታቸው ላይ አድርገውታል። እኔ እያየሁ እንኳ ተጣሉበት፤ ሁለቱም የሚፈልጉት ቀዩን ነው።

«አባዬ ነው ያበላሻቸው» አለችኝ ዘሀራ እየሳቀች። «‹የኔ ቢጫው ተራ ነው፣ ወርቁ የወንድሞቼ ቀዩ ነው› እያለ ነው ያሳደጋቸው።»