ስለ ንብ ብቻ

አላምረውን በመልክ የማያውቅ የቆቦ ሰው በድምፁ ያውቀዋል። ስልክ ቤት ገብቶ ወልድያን ወይም ደሴን የጠየቀ ሁሉ፣ ወሬው ገና ሊጥም ሲል «ሦስት ደቂቃዎ አልቋል፤ ይጨምራሉ?» የምትል ትሑት ድምፅ መሀል ትገባበታለች። ካልጨመረ ገመዱ ይነቀላል። እኔን ራሴን ከእናቴ ጋር እያወራሁ ስንት ጊዜ እንደቆረጠኝ! ከሥራ ሲወጣ ቤቴ ድረስ መጥቶ «መምህር ሙላው፣ ሥራ ሆኖብኝ ነው፤ አትቀየመኝ» ይለኛል። እቀየመው ነበር፤ ግን አላምረውን ተቀይሞ መክረም አይቻልም።

በስልሳ ስድስት ዓ.ም ከጋይንት ተመድቦ ሲመጣ «ይህ ቆላ አይስማማኝም፤ ዓመት ሳይሞላኝ እዛወራለሁ» አለ። እንዲሁ እንዳለ አሥራ ሦስት ዓመት ኖረ። ሚስት አላገባ፣ ጠላ ቤት አይቀመጥ፣ በኳስ አይከራከር። አንዲት ፍቅር ብትኖረው ንብ ነበረች። በተከራየበት በወይዘሮ እናትነሽ ግቢ፣ ግራሩ ላይ ቀፎ ሰቅሎ ከሥራ ሲመለስ ሥሩ ይቀመጣል። በሰባ ሰባቱ ድርቅ ንቦቹ ጥለውት ሄዱ። ሰው እንደ ቅጠል በሚረግፍበት ጊዜ ስለ ንብ ማዘን ያሳፍር ነበርና ለማንም ትንፍሽ አላለም። ባዶውን ቀፎ ግን አልጣለውም፤ አልፎ አልፎ እያወረደ በወይራ ጭስ አጥኖ መልሶ ይሰቅለዋል።

በሰባ ዘጠኝ መስከረም ላይ መንጋ ገባለት። እያስተማርሁ ሳለ በመስኮት ጠራኝ። ሰው የሞተ መስሎኝ ጠመኔውን እንደያዝሁ ወጣሁ።

«ገቡልኝ!» አለኝ።

«እነማን?»

«ንቦቹ ናቸዋ!» ብሎ አለቀሰ። ያን የሚያህል ሰው ስለ ንብ ሲያለቅስ አይቼ አላውቅም፤ ሣቄን ዋጥሁት።

ማኅበራችን የተጀመረው እንዲህ ነው። ሰው መጀመሪያ ንቡን ለማየት፣ ቀጥሎ ስለራሱ ቀፎ ለማውራት፣ እሑድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ግራሩ ሥር መሰብሰብ ያዘ። የወፍጮ ቤቱ ጓንጉል ሁለት ቀፎ ነበረው። ልብስ ሰፊው ከማሉዲን «አንድ ተኩል አለኝ» ይላል፤ ግማሹ ምን እንደሆነ አስረድቶን አያውቅም። ከሁላችንም ታላቅ አባ ዘይኑዲን ነበሩ። ጨርቅ ሲነግዱ ያረጁ፣ ንብ ማርባትን ከአባታቸው የወረሱ ሰው ናቸው። አባ ዘይኑ ስለ ንብ ሊነግሩን ሲጀምሩ ከአባታቸው ሠርግ ይነሣሉ፤ በአፋሮቹ የጨው መንገድ ዞረው፣ ጎብዬ ገበያ ላይ አርፈው፣ ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ቀፎው ዘንድ ይደርሳሉ። ሲደርሱ ግን አንድ የሚጠቅም ነገር ይዘው ነው።

የቀረነው አንደርስም። አላምረው አንድ ጥያቄ ያነሣል፤ «ጉንዳን ቀፎዬን አስቸገረኝ፤ ምን ላድርግ?» ይላል።

«አመድ ነስንስበት» ይላል ጓንጉል።

«የምን አመድ?» ይላል ከማሉዲን።

«የእንጨት ነዋ! የጨርቅ ትለኛለህ?»

«ጨርቅ ምን አደረገህ? እኔ በጨርቄ ሰው አለበስሁ። አንተ በወፍጮህ ስንቱን እህል ከአሸዋ ጋር ፈጭተህ አበላህ!»

«አንተ ብሎ ደግሞ ንብ አርቢ! ዝንብ ነው የምታረባው!»

አለቀ። ከዚያ በኋላ ጠቡ ወደ አጎት፣ ከአጎት ወደ ዋጃና ጎብዬ ገበያ፣ ከዚያም በስንት ዓ.ም ማን ማንን ከገበያ አባረረ ወደሚለው ይሻገራል። አላምረው የቆርቆሮ ኩባያውን በማንኪያ እየመታ «ጉንዳኑስ? ኧረ ጉንዳኑስ?» ይላል፤ የሚሰማው የለም። ጉንዳኑ ሥራውን ይሠራል። የሚቀጥለው እሑድ ደግሞ ለዕርቅ ይውላል፤ የተሰዳደቡ ሰዎች ሳይታረቁ አብረው አይቀመጡምና። «እኔ አልሰደብሁትም»፣ «ሰድቦኛል»፣ «ተው እንግዲህ፣ ለእኛ ስትል»፣ ጉልበት መሳም፣ ምርቃት። ታርቀው ሲያበቁ መሽቷል። ስለ ንብ አንዲት ቃል ሳይነገር ሁለት እሑድ እልም ይላል። ደሜ ይፈላ ነበር! «ወይ ተሳደቡና ጨርሱ፣ ወይ ስለ ንብ አውሩ!» ብዬ ጮኼ የተነሣሁበት ቀን አለ። ያን ዕለት እኔን ለማስታረቅ ዋልን።

በበጋ አበባ ሲጠፋ ለንብ ስኳር በውኃ ይበጠበጥላታል። ጓንጉል አንድ እሑድ «እኔ ለንቦቼ ግማሽ ኪሎ በጥብጬ ሰጠሁ» ብሎ ፎከረ። ያን ጊዜ ስኳር የሚገኘው በቀበሌ ሱቅ በካርድ ነው፤ እሱም ሲገኝ።

«ለሰው ያልደረሰ ስኳር ለንብህ ኸየት መጣ?» አለ ከማሉዲን።

መልሱ ስድብ ሆነ፤ የስድቡ መልስ የቀበሌውን ሱቅ፣ የሱቁን ሠራተኛ፣ የሠራተኛውን ዘመዶች ነካ። ድምፃቸው አስፋልቱ ድረስ ይሰማል። በማግስቱ የቀበሌው ሊቀመንበር ጓድ ታረቀኝ አላምረውን አስጠራው። እኔም አብሬው ሄድሁ።

«ያልተፈቀደ ስብሰባ ታደርጋላችሁ አሉ» አለ ታረቀኝ።

«ስለ ንብ ነው፣ ጓድ ሊቀመንበር።»

«ስኳር ንብ ነው?»

ታረቀኝ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ግን ከላይ የሚጠይቀው አለ። አራት እሑድ እሱ ራሱ መጥቶ ሊቀመጥ፣ የምንነጋገረው ስለ ንብ ብቻ ከሆነ የፈቃድ ወረቀት በማኅተም ሊሰጠን፣ ከዚህ ውጭ አንድ ነገር ከተነሣ ግን ማኅበሩን ሊዘጋና አላምረው እንዲዛወር ለመሥሪያ ቤቱ ሊጽፍ ወሰነ። አሥራ ሦስት ዓመት ዝውውር ሲመኝ የኖረው ሰውዬ ዝውውር ሲባል ፊቱ አመድ መሰለ። መንገድ ላይ ክንዴን ያዘኝ።

«ሙላው፣ ሳምንቱን ሙሉ የሰው ወሬ አቀባብዬ እሑድ ብቻ ነው ሰው የሚያናግረኝ። እሷም ከተወሰደችብኝ ምን ቀረኝ?»

እንዲህ ሲለኝ አዘንሁለት፤ በእነዚያ በሁለቱ አፈኞች ላይ ደግሞ ይበልጥ ተናደድሁ። ጓንጉልንም ከማሉዲንንም በየቤታቸው ሄጄ ለመንኋቸው፣ አስፈራራኋቸውም። «በቃ፣ ጨዋ እንሆናለን» አሉ። ማን ያምናል?

ሆኑ! ታረቀኝ ደብተሩን ጭኑ ላይ ዘርግቶ በርጩማ ላይ ሲቀመጥ የማናውቃቸው ሰዎች ሆንን። እጅ እየወጣ፣ «ከይቅርታ ጋር» እየተባለ፣ ስለ ጉንዳን፣ ስለ ሰም፣ ስለ ጭስ ተነጋገርን። አላምረው ከስልክ ቤት ያመጣው ትሕትና ሠራለት፤ ወሬ ዘወር ሊል ሲል «ወደ ንቡ እንመለስ» ይላል፣ ይመለሳሉ። ሦስት እሑድ እንዲህ አለፈ። በልቤ «ለካ ይህን ሁሉ ጊዜ ማድረግ ትችሉ ነበር!» እያልሁ ተንጨረጨርሁ። አባ ዘይኑ ብቻ ዝም አሉ። የእሳቸው ወሬ ያለ ዙሪያው አይሄድም።

በአራተኛው እሑድ አባ ዘይኑ ዘግይተው መጡ። ሁልጊዜ ሲገቡ የሚጥሏት ቀልድ የለችም። ጥቂት ተቀመጡና እጃቸውን አወጡ፤ እሳቸው እጅ አውጥተው አያውቁም።

«አሰላሙ አለይኩም፤ እንዴት ዋላችሁ። አልሐምዱሊላህ፣ እኛም ይኸው ውለነ መጣነ» አሉ። «ትናንት ታሂርን ለቀፎ የሚሆን ሸንበቆ እንዲያመጣልኝ ዋጃ ልኬው ነበር።»

ታሂር አንድያ ልጃቸው ነው። ሱቁን የሚከፍተውም፣ እናቱን ሐኪም ቤት የሚያመላልሰውም እሱ ነው። አላምረው ደስ አለው፤ ሸንበቆ ከቀፎ አይርቅም።

«መንገዱ ድሮ ደህና ነበር» ብለው ቀጠሉ አባ ዘይኑ። «እኛ በልጅነት ኸዋጃ በጨረቃ እየዘፈንነ የምንመጣበት ነው። ዘንድሮ እንጃ።»

«አባ ዘይኑ፣ ወደ ሸንበቆው» አለ አላምረው።

«እመጣለሁ ልጄ፣ እመጣለሁ። ከተማው መግቢያ ላይ ታዲያ አንድ መኪና ቆሞ...»

ታረቀኝ ቀና አለ። እስክሪብቶውን ከደብተሩ ላይ አነሣ። አላምረው እስክሪብቶውን አየ፤ እኔም አየሁት።

«አባ ዘይኑ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለ አላምረው፣ በዚያው በስልክ ቤት ድምፁ። «ስለ ንብ ብቻ ነው።»

«ስለ ንብ! ስለ ንብ!» አሉ ጓንጉልና ከማሉዲን ባንድ አፍ። ሁለቱ ሲስማሙ ይህ የመጀመሪያቸው ነው። እኔም ራሴን ነቀነቅሁ።

አባ ዘይኑ ሁላችንንም በየተራ አዩን። «አውፍ በሉኝ፣ ይቅር በሉኝ፤ ስለ ንብስ የምለው የለኝም» ብለው ተቀመጡ። ተነሥተው አልሄዱም። እስከ መጨረሻው ቆዩና፣ እንደ ታላቅነታቸው መዳፋቸውን ዘርግተው መረቁን፤ «ንባችሁን ይባርክላችሁ፣ ኸክፉ ይጠብቃችሁ» አሉ። አሚን አልን። ቀስ ብለው ወጡ።

ታረቀኝ ወረቀቱን ፈርሞ ማኅተሙን አሳርፎ ለአላምረው ሰጠውና ሄደ። እልል ማለት ነበር የቀረን። ጓንጉል ከማሉዲንን አቀፈው። በዚህ መሀል ወይዘሮ እናትነሽ ከውጭ እያለከለኩ ገቡ።

«የአባ ዘይኑን ልጅ ትናንት አፍሰውታል አሉ፤ ለብሔራዊ ውትድርና። አሁን አስፋልቱ ዳር መኪና ላይ ጭነዋቸዋል። ሽማግሌው ታረቀኝን ሊያስለምኑ ወደናንተ መጥተዋል ሲሉ ሰማሁ። ምን አላችኋቸው?»

ጓንጉል ከማሉዲንን ያቀፈበትን እጁን አወረደ።

እዚህ አገር ሰው ስለራሱ ጉዳይ አፉን ሞልቶ አይለምንም። ነውር ነው። ነገሩን ዙሪያውን ያመጣዋል፤ ጥቂት እንደተናገረ የተቀመጠው ሰው ይገባውና ተነሥቶ እሱ ይለምንለታል። አባ ዘይኑ አንድ ዐረፍተ ነገር ቢጨምሩ ሁላችንም ተነሥተን ታረቀኝ እግር ላይ እንወድቅ ነበር። «አንድ ልጅ ነው፤ እናቱ በሽተኛ ናት» እንል ነበር። ታረቀኝም የዚያን ሁሉ ሰው ልመና ንቆ ከቆቦ ሰው ጋር አይኖርም፤ በዚያው ዓመት ሌላ ልጅ እንዲሁ በሽማግሌ ብዛት ከመኪና አውርዷል። ዓመቱን ሙሉ ስለ ወፍጮ፣ ስለ አጎት፣ ስለማይረባው ሁሉ ስናቋርጥና ስንቋረጥ ከርመን፣ ሥርዓት ያዝን ያልነው በዚያች ቀን ሆነ! እስካሁን ሳስበው ጥርሴን ያፋጨኛል።

ሮጥን። መኪናው የለም፤ ወደ ወልድያ ሄዷል። ታረቀኝን ቤቱ አገኘነው። «አሁን ከእጄ ወጥቷል፤ እዚያው ግራሩ ሥር ብትነግሩኝ ኖሮ» አለ። ያውቅ ነበር ወይስ አያውቅም ነበር? እስክሪብቶውን ያነሣው ለምን ነበር? ልጠይቀው ፈልጌ ፈራሁ።

ሰኞ ጧት አላምረው ወልድያን ደወለ፣ ደሴን ደወለ፣ ኮምቦልቻን ደወለ። ስልክ ቤት ሰው ተሰልፎ ይጮህበታል፤ እሱ አይሰማም። ከየቦታው የመጣው መልስ «አልፈዋል» ነው።

ማክሰኞ ሁላችንም አባ ዘይኑ ቤት ሄድን። ይቅርታውን ማን እንደሚጀምር መንገድ ላይ ተነጋግረናል፤ አላምረው ይጀምራል፣ እኔ እቀጥላለሁ። አባ ዘይኑ ከበር ተቀበሉን። አጎዛ አነጠፉልን፣ ውኃ አስመጡልን፣ የየአንዳንዳችንን ቤተሰብ በስም እየጠሩ ጠየቁን። ከጓዳ የእናቲቱ ሳግ ይሰማል። አላምረው አፉን ከፈተ። ዘጋው። እንደገና ከፈተና ዘጋው። እኔ ልቀጥል ነበረብኝ፤ ምኑን ልቀጥል?

አባ ዘይኑ ጭንቃችንን አዩ። እንግዳ ቤታቸው ውስጥ ሲጨነቅ ማየት አይሆንላቸውም። ወደ አላምረው ጠጋ ብለው እጃቸውን ትከሻው ላይ አደረጉ።

«አብሽር ልጄ» አሉት። «ይልቅ ንቦችህ እንዴት ናቸው?»

አላምረው ቀና ብሎ አያቸው። «ደህና ናቸው፣ አባ» አለ።

«ያንተስ፣ ጓንጉል?»

ጓንጉልም ነገራቸው። ከማሉዲንም ነገራቸው። አባ ዘይኑ እያንዳንዱን ራሳቸውን እየነቀነቁ ሰሙ፤ እኛም ተራ በተራ፣ አንዳችን ሌላውን ሳናቋርጥ፣ እስኪመሽ ድረስ ስለ ንቦቻችን አወራንላቸው።