የክላርኔቱን ወረቀት ያረምኩ ዕለት

ሰው በሠላሳ ስድስት ዓመቱ ማንበብ ሲማር ትንሽ ያብዳል። ማንም አይነግራችሁም፤ እኔ ልንገራችሁ። ከሚሴ አስፋልቱ ዳር ያለውን ታፔላ ሁሉ ቆሜ አነብ ነበር። ማንበቡ ሲሰለቸኝ ስህተት መፈለግ ጀመርኩ። ጎማ ጠጋኙን አረምኩት። ፀጉር አስተካካዩን አረምኩት። ሻይ ቤት ያለችውን ሴትዮ ሰሌዳሽ ላይ አንድ ፊደል ጎድሏል ብላት፣ ሻዩ ጎድሎብሃል ወይ አለችኝ። አልጎደለም። እንግዲያው ጠጣና ሂድ አለችኝ።

አባቴ ወንድሜን ትምህርት ቤት፣ እኔን ሰንበቴ ገበያ ላከ። አላህ ይማረው፤ እኔ ገና ነኝ። ወንድሜ አስተማሪ ሆነ፣ እኔ የፍየል ደላላ። ከአፋር የመጣውንና ከደጋ የወረደውን ሳስማማ፣ ገዢ ሲጠፋ ደግሞ ዋሽንት ስነፋ ጎለመስኩ። ኋላ ድለላው አልሆነልኝምና ከሚሴ ለባህል አዳራሹ ዘበኛ ሆኜ ተቀጠርኩ። ቅጥሩ ላይ የፈረምኩት በአውራ ጣቴ ነው። የመዝገብ ቤቱ ልጅ ጣቴን ይዞ ቀለሙ ላይ ሲጫናት እንደሚሸጥ በግ ዞር ዞር እያለ ያየኝ ነበር። ያን ጊዜ ነው ማንበብ እማራለሁ ብዬ በልቤ የማልኩት።

አዳራሹ ውስጥ የዞኑ የኪነት ቡድን ይለማመዳል። ከበሮ አለ፣ ኪቦርድ አለ፣ ከየት እንደተገኙ የማይታወቁ አንድ ክላርኔትና አንድ ፍሉትም አሉ። ክላርኔቱን የሚነፉት ሃምሳ አለቃ ናቸው። ማዕረጋቸው ነው፤ ሁሉም የሚጠራቸው በዚያ ነው። በጦሩ ሙዚቃ ክፍል ዕድሜያቸውን ጨርሰው፣ መንግሥት ሲለወጥ ተሰናብተው፣ ጨፋ ሮቢት ላይ ሸራ ጫማ ሲሸጡ ቆይተው ነው ቡድኑ ያገኛቸው። ፍሉት ነፊው ደሴ የተሻለ ሥራ አግኝቶ ሄደና ፍሉቱ ቁም ሳጥን ውስጥ ቀረ። የቁም ሳጥኑ ቁልፍ ደግሞ ዘበኛው ጋ ነው። የቀረውን ገምቱት።

ዋሽንት ቀጥ ብሎ ወደ ፊት ይነፋል። ፍሉት ግን ሐሜት እንደሚያወራ ሰው አፍን ወደ ጎን አድርጎ ነው። አንድ ቀን ስነፋ ሃምሳ አለቃ ያዙኝ። ይቆጡኛል ብዬ ስጠብቅ ክርኔን አቃኑልኝ።

"የምትነፋው ደህና ነው" አሉኝ። "ማንበብ ትችላለህ?"

"ፊደል ጀምሬያለሁ።" ከዐሱር ሶላት በኋላ የጎልማሶች ትምህርት እገባ ነበር።

"ፊደልህ ይቆየን። ኖታ ነው ያልኩህ።"

እንዲህ ሆኖ ሁለቱን ባንድ ዓመት ተማርኳቸው። ልንገራችሁ፣ ኖታ ከፊደል ይሻላል። ፊደል ሁለት መቶ ምናምን ነው፤ ኖታ ሰባት። አምስት መስመር ይሰመራል፣ ፍሬዎቹ በመስመሩ ላይና በመስመሩ መሐል ይቀመጣሉ፣ ከፍ ያለ ድምፅ ከፍ ብሎ፣ ዝቅ ያለው ዝቅ ብሎ። ሰው የሚሠራው ነገር ሁሉ እንዲህ ግልጽ ቢሆን ኖሮ ቢሮ አያስፈልግም ነበር።

ሃምሳ አለቃ አንድ ሕልም ነበራቸው። የጨፋ ሴቶች ሙሽራ ሲሸኙ የሚሉትን ዜማ ለፍሉትና ለክላርኔት አቀናብረው በእርሳስ ጽፈውታል። መግቢያውንና መዝጊያውን ሁለቱ አንድ ላይ ይላሉ፤ መሐሉን ይቀባበላሉ። የሚቀባበላቸው አጥተው ወረቀቱ ሦስት ዓመት ትራስ ስር ተኝቷል። እኔን ሲያገኙ፣ አላህ ሲሰጥ እንዲህ ባለ ዘበኛም ይሰጣል አሉ። ምስጋና ይሁን ስድብ እስካሁን አልለየሁትም።

የፍሉት ተጫዋች ቦታ ለቅጥር ሲወጣ አመለከትኩ። ማስታወቂያው "ኖታ ማንበብ የሚችል" ይላል። የፐርሶኔሉ ሰውዬ ማመልከቻዬን በሁለት ጣቱ ይዞ ሳቀ። ያ በአውራ ጣቱ የፈረመው ነው አይደል? እሱ ወረቀቱን እንደ ፎቶ ነው የሚያየው፣ የሚነፋው በጆሮው ነው ብሎ ለቢሮው ሁሉ አወራ። ይህ ወሬ እኔ ከበር ሳልደርስ ቀድሞኝ ይደርስ ጀመር። ከበሮ መቺው ሳይቀር ወረቀቱን ገልብጦ ሰጥቶኝ፣ አንብብ እስቲ ይለኝ ነበር። ቦታውን ካጣሁ ጉዳዩ ሥራው ብቻ አይደለም፤ ዕድሜ ልኬን ያ አውራ ጣት ሆኜ መቅረቴ ነው። ፈተናው ሐሙስ ነው፣ የምነፋውም ከሃምሳ አለቃ ጋር ያንኑ የሙሽራ ዜማ ነው ተባለ።

ማክሰኞ ሃምሳ አለቃ ጠሩኝ። የከሚሴን ሙቀት የሚያውቅ ያውቀዋል፤ በላብ እጅ ሲያዝ የከረመ እርሳስ ጽሑፍ ጭስ ይሆናል። ዓይናቸውም ደክሟል። ሁለቱንም ወረቀት በእስክሪብቶ፣ ትልልቅ አድርገህ ገልብጥልኝ አሉኝ። ወሰድኩ። ማስመሪያ ይዤ አምስት አምስት መስመር አሰመርኩ። የፍሉቱን ጨረስኩ። የክላርኔቱን ስጀምር ደነገጥኩ።

መግቢያውን አንድ ላይ፣ አንዱን ዜማ እንደምንል አውቃለሁ። የእሳቸው ወረቀት ግን ከእኔ ጋር አይገጥምም። እያንዳንዷ ፍሬ አንድ ደረጃ ከፍ ብላ ተቀምጣለች። አንዷ ብትሆን የእጅ ስህተት ነው እላለሁ። ሁሉም! መዝጊያውም እንዲሁ።

አሁን ልብ በሉ። ስንለማመድ ዜማው ልክ ነበር፤ ሠላሳ ዓመት ያኖረኝ ጆሮዬ ልክ ነው ብሎኝ ነበር። እኔ ግን የተማርኩ ሰው ነኝ፤ ጆሮዬን ትቼ ወረቀቱን አመንኩ። ሽማግሌው ሲጽፉት ዓይናቸው መስመር ስቶባቸዋል፣ ሲነፉት ግን በቃላቸው ስለሚያውቁት ይሸፍኑታል ብዬ ፈረድኩ። በአደባባይ እንዳይዋረዱም አዘንኩላቸው። ወላሂ፣ አዘንኩላቸው። በመግቢያውና በመዝጊያው ያለችውን እያንዳንዷን ፍሬ አንድ ደረጃ አወረድኳት። ሊነገራቸው አያስፈልግም፣ ምስጋና አልፈልግም ብዬ ዝም አልኩ።

ሐሙስ አዳራሹ ሞላ። የቢሮው ኃላፊ ከፊት ተቀመጠ፣ ፐርሶኔሉ ከጎኑ ፋይሉን ጭኑ ላይ አድርጎ። ያኔ ሞባይል ያለው ኃላፊው ብቻ ነበር፤ ጠረጴዛው ላይ እንደ ሦስተኛ ፈታኝ አስቀምጦታል። ሃምሳ አለቃ አዲሱን ወረቀት ዘርግተው፣ ጽሑፍህ አማረ አሉኝ። በእግራቸው ቆጠሩ። ጀመርን።

ያ ጀማዓ፣ ምን ልበላችሁ። ሁለት ጎረቤታሞች በአንድ በር ልግባ ልግባ ሲባባሉ ሰምታችኋል? እንደዚያ ነው። እኔ አንድ ነገር እላለሁ፣ ክላርኔቷ ከስሬ ጠጋ ብላ ሌላ ትላለች፤ አትርቅም፣ አትገጥምም። የተቀመጡት ሴቶች ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። ሃምሳ አለቃ በአንድ ዓይናቸው አዩኝና ቀጠሉ። የጦር ሰው ናቸው፤ የተጻፈ ይነፋል። መሐሉ ላይ ስንደርስ እንደ ማር ሆነ፣ ፊቶች ተፈቱ። ከዚያ መዝጊያው መጣ።

ስንጨርስ ኃላፊው ጉሮሮውን ጠርጎ፣ ይሄ አዲስ አበባ የሰማሁት ዘመናዊው ዓይነት ነው ወይ ሲል ጠየቀ። ሰውዬው ሊያግዘኝ ነበር፣ አላህ ይስጠው። ፐርሶኔሉ ግን ፋይሉን ዘጋ። በጆሮው ነው የሚነፋው፣ ኖታ አይችልም አላልኩም ነበር ወይ አለ።

ሃምሳ አለቃ ተነሡ። ጥፋቱ የኔ ዓይን ነው፣ ወረቀቱ ላይ መስመር ሳትኩ አሉ።

እዚህ ላይ ዝም ማለት እችል ነበር። ብልህ ሰው ዝም ይል ነበር። እኔ ግን በገዛ እጄ ያረምኩት ወረቀት ስህተት ነው ሲባል መስማት አልቻልኩም።

"ወረቀቱ አሁን ልክ ነው" አልኩ። "ስህተት የነበረውን ፍሬ በፍሬ ያስተካከልኩት እኔ ነኝ።"

ሃምሳ አለቃ ቀስ ብለው ዞሩ። "ምን አደረግህ?"

የእርሳሱን ወረቀት ከኪሴ አውጥቼ ከአዲሱ ጎን ዘረጋሁት። ይኸው፣ ይቺ እዚህ ነበረች፣ ወደዚህ አወረድኳት፤ ይቺም፤ ይቺም። ሃምሳ አለቃ ጎንበስ ብለው አይተው ክላርኔታቸውን ወንበር ላይ አስተኙ። ሳቁ ከትከሻቸው ነው የጀመረው።

"አንተ ሰውዬ፣ ሰንበቴ ፍየል ስትሸጥ የምትፈልገውን ዋጋ መጀመሪያ ትጠራለህ?"

"አልጠራም።"

"ለምን?"

"ገዢው ስለሚቀንስ። ከፍ አድርጌ ነው የምጠራው።"

"ክላርኔት ገዢ ናት። የጻፍክላትን አንድ ደረጃ ቀንሳ ነው የምታሰማው። ለዚያ ነው ከፍ ተደርጎ የሚጻፍላት። ዓለም ሁሉ እንዲህ ነው የሚጽፍላት!"

"ታዲያ ለምን ቀድመው አልነገሩኝም?"

"አንተ ፍሉት ነህ። የክላርኔት ወረቀት ምን አገባህ?"

አዳራሹ በሳቅ ተደባለቀ። ከበሮ መቺው ከበሮውን መታልኝ። እኔ ፍሉቱን ይዤ፣ ወለሉ ቢከፈትልኝ እያልኩ ቆሜያለሁ። ያልሳቀው ፐርሶኔሉ ብቻ ነው። ሁለቱን ወረቀት ወደ መስኮቱ ወስዶ፣ ጣቱን እያስኬደ፣ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ አንድ በአንድ ሲያስተያይ ቆየ። ይህን ሰው እስከዛሬ አልወደውም፤ ያለውን ግን አልክድም።

"አንዷም አላመለጠችውም" አለ ለኃላፊው። "ሁሉንም እኩል ነው ያወረዳቸው። በጆሮው የሚነፋ ሰው ይህን ጥፋት ሊያጠፋ አይችልም።"

ኃላፊው ግራ ገባው። "ታዲያ ያነባል ነው የምትለው?"

"ያነባል። የማያገባውን ሳይቀር።"

በእርሳሱ ወረቀት እንደገና አስነፉን። ሃምሳ አለቃ ያን ጭስ የሆነ ጽሑፍ አፍንጫቸው ድረስ አስጠግተው፣ እኔ በራሴ ወረቀት ላይ ብቻ ተተክዬ። መግቢያው አንድ ሆኖ ወጣ። የትኛው የኔ፣ የትኛው የእሳቸው እንደሆነ እኔም አልለየሁትም። ከኋላ ያሉት ሴቶች ሳይጠየቁ ማጨብጨብ ጀመሩ፤ አንዷማ በኦሮምኛ ግጥሙን ገባችበት። ሃምሳ አለቃ ሲጨርሱ የክላርኔቷን አፍ በመሐረብ ሲጠርጉ፣ ዓይናቸውንም በዚያው መሐረብ ጠረጉት። ሦስት ዓመት ትራስ ስር የቆየ ነገር ነው።

ሳምንት ሳይሞላ መዝገብ ቤት ተጠራሁ። የድሮው ልጅ አለ። የአዲሱን ቅጥር ቅጽ አቅርቦልኝ፣ ከልማድ የቀለሙን ሳጥን ጎተት አደረገ። አያስፈልግም አልኩት። ይህችን ቃል ለማለት ስንት ዓመት እንደጠበቅሁ እሱ አያውቅም። እጄን በኩራት ደረት ኪሴ ውስጥ ስከት፣ ባዶ ነው። እስክሪብቶዬን ሐሙስ ዕለት ሃምሳ አለቃ ሁለተኛ እንዳታርም ብለው ወርሰውብኛል።

ከበሩ ላይ ቆመው እያዩኝ ነበር። መጥተው ከኮታቸው አውጥተው ሰጡኝ።

"ፈርምና መልስ" አሉ።

ፈረምኩ። መለስኩ።