የእርሾዋ ማሰሮ

እንጉዳይ ለሸክላ የማትራራ ሴት ነበረች። ጎንደር ሳሉ ፋሲካ ሲደርስ እርሾ የነካውን ማሰሮና ድስት ሁሉ ደጅ አውጥታ እንክትክቱን ታወጣው ነበር። የቤተ እስራኤል ልማድ ነው፤ በፋሲካቸው እርሾ ከቤት ይወገዳል፤ ለፋሲካ አዲስ እንጂ አሮጌ ሸክላ አይቀርብም። የመንደሩ ሴቶች የለመዱትን ድስት እያገላበጡ ሲተክዙ፣ እሷ ሸክላ ሠሪ ናትና፣ "ምን ያስተክዛል? ሌላ እሠራልሽ የለ!" እያለች ትስቅባቸው ነበር።

በፈረንጆቹ 1986 ግን እስራኤል አገር፣ ፔታ ቲክቫ ከተማ ውስጥ ሳቋ ጠፋ። በሱዳን በኩል ከመጡ ሁለተኛው ፋሲካ መሆኑ ነው። የመጀመሪያውን በስደተኞች መቀበያ፣ በሰው ወጥ ቤት አሳለፉት። አሁን ክፋር ጋኒም በሚባል ሰፈር የራሷ ወጥ ቤት አላት። መደርደሪያው ላይ ደግሞ ሁለት እፍኝ የማትይዝ የእርሾ ማሰሮ ተቀምጣለች። የሠሯት እናቷ ናቸው። እናቷ ሱዳን በረሃ ላይ ቀሩ፤ ማሰሮዋ በነጠላ ተጠቅልላ፣ እንጉዳይ ብብት ሥር ተሸጉጣ አውሮፕላን ተሳፈረች። ከእናቷ እጅ ሥራ የተረፈችው እሷ ብቻ ናት። የእርሾ ማሰሮ በመሆኗም ከሁሉ ቀድማ መሰበር ያለባት እሷው ናት።

ያን ሰሞን ልጇ ፋንትነሽ ከትምህርት ቤት አንድ የእንግሊዝኛ ቃል ይዛ መጣች። ቃሉ "ስማሽ" ነው፤ አስተማሪዋ ከየቤታችሁ ገጠመኝ ዓረፍተ ነገር ሥሩበት ብላቸዋለች።

"ምን ማለት ነው?" አለች እንጉዳይ፣ ሐሳቧን ከማሰሮዋ ለማራቅ።

"መስበር ነው፤ ግን ዝም ብሎ መስበር አይደለም። እርሳስ ቀጭ ቢል ስማሽ አይባልም። በኃይል፣ እየጮኸ፣ ብትንትኑ ሲወጣ ነው። ድንጋይ መስኮት ሲያደቅ፣ መኪና ከግንብ ሲላተም። ደግሞ ሰው ሁሉ የወደደውን ፊልምም ስማሽ ይሉታል።"

"በመስበር የሚደሰቱ ሰዎች!" አለች እንጉዳይ።

ፋንትነሽ ወደ መደርደሪያው አየች። "እማ፣ እሷን አትሰብሪያትም አይደል? እዚህ እኮ ሰው እርሾ የነካ ዕቃውን ቁም ሳጥን ውስጥ ቆልፎ ከበዓሉ በኋላ ያወጣዋል። ላይ ቤት ያለችው ሚርያምም እንደዚያ ነው የምታደርገው። በሰደር ነው፣ ችግር የለውም፣ ይፈቀዳል።"

እንጉዳይ እውነቱን ለመናገር ቁልፉን እስከ መግዛት ደርሳ ነበር። ግን ሸክላ እንደ ብርጭቆ ታጥቦ አይጠራም፤ እርሾውን ጠጥቶታል። እናቷ ቢኖሩ ኖሮ፣ "በኔ አሳበሽ ነው ፋሲካን የምታረክሺ?" ብለው እንደሚቆጧት ታውቃለች።

በዋዜማው ጠዋት ማሰሮዋን ታቅፋ ወደ ግቢው ወረደች። ፋንትነሽ ደረጃው ላይ ደርሳ ክንዷን ያዘቻት።

"የአያቴ ናት! ሌላ ምን አለን?"

እንጉዳይ የልጇን እጅ ቀስ ብላ አላቀቀች። ከዚያ ዓይኗን ጨፍና ማሰሮዋን ከሲሚንቶው ጋር አላተመቻት።

ግቢው አስተጋባ። ወዲያው ከላይ በረንዳ የሚርያም ድምፅ፣ "ማዛል ቶቭ!" ሲል ተሰማ። በዚያ አገር ሙሽራ በሠርጉ ብርጭቆ ስለሚሰብር፣ ዕቃ በተሰበረ ቁጥር እንኳን ደስ ያላችሁ ማለት የተለመደ ነው። ሚርያም ምን ታድርግ፣ ደግ ሴት ናት፤ አላወቀችም። እንጉዳይም እንባዋ እየወረደ ወደ ላይ አንጋጣ፣ "ቶዳ፣ ቶዳ" ብላ አመሰገነቻት።

ፋንትነሽ በዓሉን ሙሉ አኮረፈች። ትምህርት ሲከፈት "እናቴ የአያቴን ማሰሮ ስማሽ አደረገቻት" የሚል ዓረፍተ ነገር አነበበች። አስተማሪዋ "ጎበዝ!" ስትላት ከክፍል ወጥታ አለቀሰች።

ስባሪው የት እንደገባ ግን አልጠየቀችም። እንጉዳይ አንዲት ቅንጣት ሳትቀር ለቅማ በከረጢት ግቢው ጥግ አስቀምጣው ነበር። በዓሉ ካለፈ በኋላ ለአዲስ ፎቅ መሠረት ከተቆፈረ ጉድጓድ ጥቁር ጭቃ ዝቃ መጣች። የሰፈሩ ቀይ አፈር አሸዋማ ነው፣ አይያያዝላትም፤ ከሥር የወጣው ግን እጅ ላይ ይለጥፋል። ስባሪውን በድንጋይ አድቅቃ ነፋችና ከጭቃው ጋር ለወሰችው። ጎንደር እያለችም ሥራዋ ይኸው ነበር፤ አሮጌ ሸክላ ያልገባበት ጭቃ እሳት ሲያገኘው ይሰነጠቅባታል።

ያችኑ የምታህል ማሰሮ ሠርታ ካደረቀቻት በኋላ የቀራት እሳት ነበር። እሱንም የሰፈሩ ልጆች አመጡላት። ላግ ባኦሜር በሚሉት በዓል፣ ሲመሽ ሜዳው ላይ እንጨት ከምረው ያነዳሉ። ሌላው ድንች ሲጠብስ እሷ የደረቀችውን ማሰሮ ፍሙ ውስጥ ቀበረች። ሲነጋ ከአመዱ አውጥታ በጣቷ አንኳኳቻት፤ ጥርት ያለ ድምፅ ሰጠች።

ቤት ገብታ ፋንትነሽን ቀሰቀሰቻት። "እንኪ። በሁለት እጅሽ ያዣት፤ አያትሽ ውስጧ አሉ።"

ፋንትነሽ ስባሪው እንዴት ደቅቆ ከጭቃው ጋር እንደተለወሰ ከእናቷ አፍ ሰማች። ገና ያልበረደችውን ማሰሮ ደረቷ ላይ አስጠጋቻት።

"ለከርሞ ፋሲካስ?" አለች።

"ለከርሞ የምትሰብሪያት አንቺ ነሽ" አለች እንጉዳይ። "አሠራሯንም ያኔ አሳይሻለሁ።"