ከዓለም ባንክ እስከ አጥንቴ ውስጥ

ማክሰኞ፣ ጠዋት አንድ ሰዓት

ዓለም ባንክ ሰፈር ካለው ኮንዶሚኒየማችን የወጣሁት ኤምአርአይ ለመነሳት ነው። አስቴር እባላለሁ፤ ስድሳ አንድ ዓመቴ ነው። ጡረታ እስክወጣ ድረስ የስፖርት አስተማሪ ስለነበርኩ ሰውነቴን የማውቀው ይመስለኝ ነበር። ከሦስት ሳምንት በፊት ግን የውሃ ጀሪካን ሳነሳ ጀርባዬ ውስጥ አንድ ነገር ቋ አለ። ቤቴል ያለው ሐኪሜ ራጅ አስነሳኝና፣ “አንዷ የአከርካሪ አጥንትዎ ተደፍጥጣለች” አለኝ።

“ለምን?” አልኩት።

“አጥንትዎ ሳስቶ ሊሆን ይችላል። ካንሰርም ከሆነ ማወቅ አለብን። ራጅ መሰበሩን እንጂ ምክንያቱን አይነግረኝም። ኤምአርአይ ግን የአጥንቱን ውስጥ ያሳየኛል።”

ካለው ሁሉ ጆሮዬ ውስጥ የቀረችው አንዷ ቃል ብቻ ነበረች።

ለብቻዬ ልሄድ ነበር። ጎረቤቴ ራህመት ግን ሱቋን ዘግታ ደረጃው ላይ ጠበቀችኝ። “ብቻሽንማ አትሄጂም” አለች፤ ክርክርም አልነበረም።

እስከ አየር ጤና በሚኒባስ ሄድን። እኔ ጋቢና ተቀመጥኩ። መንገዱ ጉድጓድ የበዛበት ስለሆነ ሹፌሩን፣ “ወንድሜ፣ ወገቤን አሞኛልና ቀስ በልልኝ” አልኩት።

“እሺ ማዘር፣ እንቁላል እንደጫንኩ ነው የምነዳው” አለ፤ እንዳለውም አደረገ። ከኋላ የቸኮሉ ተሳፋሪዎች ሲያጉረመርሙ ራህመት ዞር ብላ ሁሉንም ጸጥ አሰኘቻቸው።

ከአየር ጤና ሌላ ታክሲ ይዘን በዘነበወርቅ አልፈን ወደ መሀል ከተማ ገባን። ከቆሼ ቆሻሻ መጣያ በኩል የሚመጣው ሽታ በመስኮቱ ሲገባ ራህመት ከቦርሳዋ ብርቱካን አውጥታ ላጠችና ግማሹን ሰጠችኝ። ልጣጩን አፍንጫችን ላይ ይዘን ተሳሳቅን።

ረፋድ አራት ሰዓት

የምርመራ ማዕከሉ ንጹህና ቀዝቃዛ ነው። ወረፋው አልበዛም። ባለሙያዋ ትሑት ወጣት ናት። “እናቴ፣ ሰውነትዎ ውስጥ ብረት አለ? የልብ መሣሪያ?” ብላ ጠየቀችኝ፤ የጆሮ ጌጤንና የፀጉር መያዣዬን አስወለቀችኝ። እጄ ላይ የጎማ ኳስ አስያዘችኝ። “ከከበደዎት ይጫኑት፣ ወዲያው አወጣዎታለሁ።”

አልጋው ወደ ጠባቡ ዋሻ አስገባኝ። ጣሪያው ከአፍንጫዬ አንድ ስንዝር አይርቅም። ከዚያ እንደ ብረታ ብረት ቤት መደብደብ ጀመረ። ጌታ ሆይ እያልኩ ዓይኔን ጨፈንኩ። ትንፋሽ አጠረኝ። ኳሱን ጨመቅሁት።

ሲያወጡኝ አለቀስኩ። ስንቱን ተማሪ “አትፍሩ፣ ዝለሉ!” ያልኩት ሰው እኔ ነኝ? “ይቅርብኝ፣ ወደ ቤት እንሂድ” አልኩ።

ራህመት ባለሙያዋን፣ “እኔ ገብቼ እግሯን ብይዝላትስ?” አለቻት።

“ይቻላል፤ ግን እርስዎም ያደረጉትን ጌጥ ሁሉ ማውለቅ አለብዎት።”

ራህመት የጣት ቀለበቷን አየችው። ከኒካዋ ቀን ጀምሮ ወልቆ አያውቅም፤ ባሏ ከሞተ እንኳ ስድስት ዓመቱ ነው። ከዚያ ወደ መታጠቢያ ቤት ሄደች። ስትመለስ ጣቷ በሳሙና አረፋ ተለቅልቆ፣ ቀልቶና አብጦ ነበር። ቀለበቱን ለባለሙያዋ ሰጠቻትና፣ “በይ ተኚ” አለችኝ።

እንደገና ገባሁ። ድብደባው ያው ነው፤ ፍርሃቴም ያው ነው። ቁርጭምጭሚቴ ላይ ግን የራህመት ሞቃት እጅ አለ። ሠላሳ ደቂቃ ሙሉ አልተንቀሳቀስኩም።

“ጎበዝ ነዎት፣ ምስሉ ጥርት ብሎ ወጥቷል” አለችኝ ባለሙያዋ፣ የራህመትን ቀለበት እየመለሰች። ወጥተን አንድ ምግብ ቤት ፍርፍር በላን። በእነዚያ ሦስት ሳምንታት ምግብ የጣፈጠኝ ያኔ ብቻ ነው።

ሐሙስ፣ ቤቴል

ሐኪሙ ምስሉን ኮምፒውተሩ ላይ ከፍቶ አየው። ራህመት መቁጠሪያዋን ይዛለች፤ እኔ የወንበሩን ጠርዝ።

“ካንሰር የሚያስጠረጥር ነገር የለም” አለ።

ራህመት “አልሐምዱሊላህ!” ስትል እኔ “ጌታ ይመስገን!” አልኩ፤ ድምፃችን ተደራርቦ ሐኪሙን አሳቀው።

ወንበሬን ወደ ስክሪኑ አስጠጋልኝ። “ይህ ደመቅ ብሎ የሚታየው አዲሱ ስብራት ነው፤ ይድናል። አሁን ሌሎቹን አጥንቶች ይዩ። ጤነኛ አጥንት ውስጡ እንደ ስፖንጅ መረብ አለው። መረቡ ሲሳሳ ቦታውን ስብ ይይዘዋል፤ እዚህ ምስል ላይ የበዛብኝ እሱ ነው። ጥንካሬው ቀንሷል ማለት ነው። የአጥንት ጥግግት ምርመራ እንጨምርና መድኃኒት እንጀምራለን።”

“መሮጥስ?”

“መራመድ። ፀሐይ መሞቅ፣ በደንብ መብላት። ጀሪካን ማንሳት ግን ቀረ።”

ቤት

ወደ ቤት ስንመለስ አራቱን ፎቅ ቀስ እያልኩ መውጣት ጀመርኩ። ከዚህ ጉዞ የተማርኩት ትንሽ ነገር ነው፤ ለእኔ ግን ዘግይቶ ነው የመጣው። ጠንካራ ሰው የማይፈራ ይመስለኝ ነበር። እየፈሩም ጸጥ ብሎ መተኛት ይቻላል፤ እግርን የሚይዝ ሰው ካለ።

ሦስተኛው ፎቅ ላይ ስንደርስ ያለከለከችው ራህመት ናት። ግድግዳውን ተደግፋ ወገቧን ያዘች። ሃምሳ ስምንት ዓመቷ ነው፤ አጥንቷን ተመርምራ አታውቅም።

“ሰኞ ሐኪሙ ጋ አብረን እንሄዳለን” አልኳት።

“እኔ ደግሞ ምን ሆንኩና?”

“እኔም እንደዚሁ ነበር የምለው” አልኳትና ቦርሳዋን ልቀበላት እጄን ዘረጋሁ። በጥፊ መታ አድርጋ መለሰችው፤ እየሳቅን የቀረውን ደረጃ ወጣን።